ሙሽሪት፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጠጋ በሉ» በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ከሥራው ነው። የሰርግ ፎቶ ማንሳት ሲጀምር የነበረው አንድ ሌንስ ብቻ ነበር፤ ሃምሳ የሚሉት፣ ዓይን እንደሚያየው የሚያይ፣ የማያሰፋም የማያቀርብም ሌንስ። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ሃምሳ ብዙ ሰው አይዝም። ስለዚህ ሰውዬው ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ሲብስበትም ወንበር ላይ ወጥቶ፣ «ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ እንጂ፣ ማንም ማንንም አይበላም!» እያለ ይጮሃል። የተኳረፉ ወንድማማቾች ትከሻቸው ይነካካል። አማት ምራቷን ታቅፋለች፤ ወዳ ሳይሆን ቦታ ስለሌለ። ሰው ይስቃል። እሱም ያኔ ቁልፉን ይጫናል።

እነዚያን ፎቶዎች ዛሬም በየሰው ግድግዳ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ጥበብ ይጎድላቸዋል ይላሉ አዋቂ ነን ባዮች። ሰው ግን አይጎድላቸውም። ሙሽሮቹ አሉ፤ ሽንኩርት ስትልጥ ውላ ዓይኗ የቀላ ጎረቤትም አለች፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚያንጋጥጠውም አለ። ሁሉም ፊት አለው።

ከዚያ ብለር መጣ።

ብለር ማለት፣ ላልገባው ሰው፣ ይሄ ነው። ረጅሙን ሌንስ ትገጥማለህ፤ ብርሃን ማስገቢያውን እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለህ፤ የሙሽሪትን ዓይን ትይዛለህ። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይለያል። ከጀርባዋ ያለው ዓለም ግን ይቀልጣል። መብራቱ የውሃ ጠብታ ይመስላል፣ ግድግዳው ጭስ ይሆናል፣ ሰውም ጭስ ይሆናል። ያምራል፤ አያምርም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የሚቀልጠው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሌንስ የሚሸጥበት ሱቅ ግቡና ስሙ። ሁለት ፎቶ አንሺ ከተገናኙ «የኔ እስከዚህ ድረስ ይከፍታል»፣ «የኔ እስከ ጥጉ አጥርቶ ያሳያል» እያሉ እንደ ጠበቃ ሲከራከሩ ይውላሉ። ስለ መስታወቱ ነው የሚያወሩት። ከመስታወቱ ፊት ስለሚቆመው ፍጡር ትንፍሽ የለም። ስለ መስታወት እንዲህ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሰው እንዲህ መደንቆራቸው ያናድዳል!

ጠጋ በሉም መጨረሻ ላይ ረጅሙን ሌንስ ገዛ። ሙሽሮች ፎቶ ቤቱ ድረስ ወጥተው ናሙናዎቹን አይተው «ይሄ የድሮ ነው» እያሉ መመለስ ጀምረው ነበርና ምን ያድርግ። ለጋራ ፎቶ ደግሞ ሰፊውን ሌንስ ጨመረ፤ በአንድ ጊዜ ግማሽ አዳራሽ የሚውጠውን። ሃምሳው ወርዶ የጉርድ ፎቶ ማንሻ ካሜራው ላይ ተገጠመ፤ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ፣ ከነጭ ጨርቅና ከአንድ በርጩማ ፊት ለፊት።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው ሙሽሪትና አክስቷ የመጡት።

ሙሽሪት ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት። አክስቷ የሟች አባቷ እህት ናት፤ ባሉንም ያገኘችላት፣ ሰርጉንም ከአዳራሹ ወንበር እስከ ሚዜዎቹ ጫማ የምታዘው እሷ ነች። ባልየው ሥራው ሩቅ አገር ነው፤ ሰርጉ እንዳለቀ ልጅቷን ይዟት ሊሄድ ነው።

«ጋሼ፣ ሌላውን እንደፈለጉ ያንሱት» አለች ሙሽሪት። «እኔ የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። ከእማዬ ጋር። ሁለታችንንም ጥርት አድርጎ የሚያሳይ። ይዤው ነው የምሄደው።»

«እስካሁን አብራችሁ የተነሳችሁት የለም?»

«የለንም። ልጅ ሆኜ እሷ ትወስደኝና ለብቻዬ ታስነሳኛለች። ‹እኔን ደግሞ ምን ልታደርጊኝ ነው› ትላለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህማ ካሜራ ስታይ በነጠላዋ ትሸፈናለች። ለዚህ ሰርግ ነው ስንት ለምኛት እሺ ያለችኝ።» ስልኳ ጮኸ። «ይቅርታ፣ ልብስ ሰፊው ነው» ብላ ወደ በረንዳው ወጣች።

አክስትየዋ ልጅቷ በሩን እስክትዘጋ ጠበቀችና ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«ስማኝ። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ ይገባሃል።»

እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ሲያጋጥማችሁ ጫማችሁን አጥልቃችሁ ሳትጨርሱ ብትሮጡ ይሻላል። ጠጋ በሉ ግን ቁጭ አለ።

«እናትየዋ ግራ ፊቷ ወድቋል። አፏም ተጣሟል። ምስኪን ናት፤ እኔም እንደ እህቴ ነው የማያት። ግን ይሄ አልበም የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ? የልጁ ቤተሰቦች ሳሎን ውስጥ። እነሱን አታውቃቸውም አንተ! በዘር የሚተላለፍ ነው ወይ ብለው አንዴ ጠይቀውኛል። ነገ ልጅቷን ራሷን ቢያማት አልበሙን ገልጠው ነው የሚንሾካሾኩባት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ? እናትን ከሰርግ ፎቶ አላስወጣ!»

«ማን አስወጣ አለህ? ትግባ እንጂ! ትግባና…» እጇን አየር ላይ አርገበገበችው። «ያ የምታደርጉት ነገር አለ አይደል? ከኋላ ጭጋግ የምታስመስሉት።»

«ብለር።»

«ተባረክ! እሱን። ልጅቷም እናቴ አለች ትላለች፣ እናትየዋም አለሁ ትላለች። ማንም ሳይከፋው።»

ማንም ሳይከፋው! ስንት ክፋት ነው በዚህች ቃል ተጠቅልሎ እንደ ስጦታ ሲታደል የኖረው!

ጠጋ በሉ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ረጅም ሌንስ አነሳና ምንም ያልቆሸሸውን መስታወት በጨርቅ ወለወለው። የአክስትየዋን ዘመድ አዝማድ ቆጠረ መሰለኝ፤ የሁሉንም ሰርግ ወደ እሱ የምትልከው እሷ ነበረች። ክፉ ሰው ነው ብዬ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። አይደለም። ሚስቱ ስትታመም ቁጭ ብሎ ልብሷን የሚያጥብ፣ ጎረቤት ሲጣላ መሃል የሚገባ ሰው ነው። እንደሱ ያለው ሰው ነው «እሺ» ያለው። በር ከፍታ የገባችውን ሙሽሪት እያየም «አታስቢ፣ አሳምሬ ነው የማነሳችሁ» አላት።

የሰርጉ ቀን እናትየዋ ራሷ ፈልጋ አገኘችው። ዕድሜዋን በሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። የዚያን ቀን የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ በአንድ እጇ ጨርቁን እየያዘች፣ የደከመውን እጇን እንደ ክብደት እየጫነችበት የሰፋችው ራሷ ነች፤ አንገቱ ላይ ያለችው ስፌት እንኳን አልተንጋደደችም። አዳራሹ በር ላይ ክንዱን ያዘችው።

«ወንድሜ» አለችው። ቃሉ ከተጣመመው አፏ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። «በዚህ በቀኝ በኩል ደህና ነኝ። በመስታወት ለምጄዋለሁ። አንተ አትቸገር፤ ካሜራው ሲመጣ እኔው እዞርልሃለሁ።»

«እሺ እናቴ። ምንም አያስቡ።»

ዞረችለትም። ካሜራው ከፍ ባለ ቁጥር፣ ስሙ ከጎን እንደተጠራ ሰው፣ አንገቷን ወደ ግራ መልሳ ቀኝ ጉንጯን ትሰጠዋለች። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ቀለበት ሲያደርጉ፣ ኬክ ሲቆርሱ፣ እሷ ከኋላቸው ተቀምጣ አንገቷን አዙራ ትጠብቃለች። አንገቷ ሲዝል በደህናው እጇ ትደግፈዋለች። እንደገና ካሜራው ከፍ ሲል እጇን ደበቅ አድርጋ ትዞራለች። ሌንሱ ደግሞ በዚያች ቅጽበት እሷን ወደ ሰማያዊ እንፋሎት እየቀየራት ነው። ይሄን ያውቅ የነበረው በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰው ነው።

ቪዲዮ ቀራጩ፣ በየሰርጉ ከእሱ ጋር የሚሠራ ለፍላፊ ሰው፣ በጎኑ ሲያልፍ ቆም አለ።

«አንተ ጠጋ በሉ፣ ምነው ዛሬ ከሰርገኛው ተጣላህ? ከመንገድ ማዶ ቆመህ ነው እንዴ የምታነሳው?»

«ሌንሱ ነው። በቅርብ አይሆንም።»

«ስምህን ልንቀይረው ነዋ! ‹ራቅ በሉ›!» ብሎ በራሱ ቀልድ ብቻውን እየሳቀ ሄደ።

ከምሳ በኋላ ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ! አሁን የኔና የእማዬን!» እናቷን ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ከጎኗ ተንበርክካ አንገቷን አቀፈች። ጉንጭ ለጉንጭ። «እንዲህ አንሱን! እንዲህ እንዳለን!»

ጠጋ በሉ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ። የመስኮቱ ብርሃን ለስላሳ ነበር፤ የእናትየዋን ቀኝ ጉንጭ ይዞታል። ልጇ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ስትላት እናትየዋ ሳቀች፤ የሚታዘዛት የፊቷ ግማሽ ሁሉ ሳቀ። ሁለቱም ፊት ከሌንሱ እኩል ርቀት ላይ ስለነበር ረጅሙ ሌንስ እንኳን ሁለቱንም ጥርት አድርጎ ይይዛቸው ነበር። ምንም መቀየር አያስፈልግም፤ ምንም መናገር አያስፈልግም። ጣቱን መጫን ብቻ።

ከሙሽሪት ጀርባ አክስትየዋ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፤ ጉሮሮዋን ብቻ ጠረገች።

«ሙሽሪት» አለ ጠጋ በሉ፣ «ቬሎው እየተጨማደደ ነው። እስቲ ተነሺ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት። እናት እዚያው ይቀመጡ። ትንሽ ደግሞ ወደ ፊት። በቃ።»

ዕድሜ ልኩን ሰውን ከሰው ሲያጠጋጋ የኖረ ሰው ነው ይሄን ያለው። ሙሽሪት የባለሙያ ቃል ነው ብላ ታዘዘች። እናትየዋ አንገቷን አዙራ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ፈገግታዋን ቀጥ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። ፎቶው ተነሳ። ደጋግሞ አነሳው፤ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ።

ከዚያ በኋላ ሊያስተካክለው ፈለገ። ይሄን ልንገራችሁ፣ ሰው አይደለም እንዳትሉት። የጋራ ፎቶው ላይ በግልጽ አወጣታለሁ ብሎ አሰበ፤ ሰፊው ሌንስ ማንንም አያቀልጥምና። እየተጣደፈ ሌንሱን ቀየረ። ቤተሰቡ ግር ብሎ መጣ፤ አክስትየዋ መሃል ገባች፤ አንዱ ዘመድ የእናትየዋን ወንበር አንስቶ ረድፉ መጨረሻ ላይ አደረገው።

ሰፊ ሌንስ ጥግ ላይ ያለውን ሰው ይለጥጠዋል። ፊቱን እንደ ሊጥ ወደ ውጭ ይስበዋል። ለዚህ ነው ጠጋ በሉ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ቀጫጭን ጎረምሶችን የሚያቆመው፤ ወፍራም ዘመድ ጥግ ላይ ካስቀመጥክ ሁለተኛ ሰላም አይልህም እያለ ይቀልድበታል። ስለዚህ አንድ አረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፦ እናትን መሃል አምጧቸው። ያን ለማለት ደግሞ አክስትየዋን ከመሃል ማስነሳት ነበረበት። ቢያንስ ጥርት ትላለች አለ ለራሱ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ጨረሰ።

ከሰርጉ በኋላ፣ ሙሽሪት መንገድ ከመጀመሯ በፊት፣ ሦስቱም ሴቶች ለአልበሙ ፎቶ ሊመርጡ ፎቶ ቤቱ መጡ። ፎቶ ቤቱ ከጫማ መሸጫ በላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ መብራቱ የሞተ። እናትየዋ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጅቶባት፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ያንኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች።

ፎቶዎቹ አለፉ። «ወይኔ ሲያምር!» «እቺን እዩዋትማ!» «ሚዜው ዓይኑን ጨፍኗል፣ ይሄ እንቅልፋም!» ሳቁ ሞቅ አለ። ከዚያ ሙሽሪት «የእማዬና የኔስ?» አለች።

«ይኸው» አለ ጠጋ በሉ።

እናትየዋ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ አድርጋ እንደገና አየች።

«የታለሁ?»

«እዚህ ጋ እናቴ። ይሄ።» ጣቱ ከሙሽሪት ትከሻ ኋላ ያለ ሰማያዊ ነገር ላይ አረፈ። ከሰማያዊው በላይ፣ ፊት መኖር ባለበት ቦታ፣ መስኮት ላይ እንደሚቀር የትንፋሽ ጉም ያለ ነገር ነበር።

«ቀሚሴን አወቅኩት» አለች እናትየዋ።

«ሌላ የለም? ጥርት ያለ?» አለች ሙሽሪት፤ ድምጿ ተቀይሯል።

«የጋራው አለ።» ከፈተው። መክፈት አልነበረበትም። ረድፉ ጥግ ላይ እናትየዋ ተቀምጣለች፤ ጥርት ብላ። የወደቀው ፊቷ ወደ ውጭ ተስቦ፣ አፏ ወደ ጆሮዋ ተጎትቶ፣ አንዱ ዓይኗ ከሌላው ተለይቶ ሊፈስ የደረሰ ይመስላል። በሽታው ያላደረገባትን ሁሉ ሌንሱ አድርጎባታል።

እናትየዋ አፍንጫዋ ውስጥ ሳቅ የመሰለ ድምፅ አሰማች። «ሐኪሙ እንኳን እንዲህ አላስፈራራኝም» አለች። ማንም አልሳቀም። ደህናው እጇን ዘርግታ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ሸፈነችው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ያደረጉት?»

«ሌንሱ ነው… አንዳንዴ ሌንሱ…»

ሌንሱ ነው! ሌንስ እግር አውጥቶ ካሜራው ላይ የሚወጣ ይመስል!

«አቅፌያት ነበርኮ! እንዲህ አንሱን ብዬዎት ነበር! ለምንድን ነው ያስነሱኝ? ለምንድን ነው ወደ ፊት ነይ ያሉኝ?»

ጠጋ በሉ አክስትየዋን አየ። አክስትየዋ ቦርሳዋ ውስጥ አንገቷን ቀብራ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። እናትየዋ ደግሞ እሱ ያየበትን አየች። የዘገየው አፏ እንጂ ልቧ አይደለም፤ ከእነዚህ ዘመዶች ጋር ኖራለች፤ ምን ሊሉ እንደሚችሉ ታውቃለች። እሱን አየችው፤ አክስትየዋን አየች፤ ከዚያ ልጇን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ ነው አንቺ?»

«እኔ ነኝ የነገርኩት። እንዳታሳየኝ አልኩት።»

ሙሽሪት ቃሉ ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ደም መሰለ።

«እማዬ! በሰርጌ ቀን? እሺ ብለሽኝ? ቃል ገብተሽልኝ?»

«አፈርኩ።»

«በኔ ነው ያፈርሽው? ከኔ ጋር መታየት ነው ያሳፈረሽ?» እንባዋ መጣ። «ምን ይዤ ልሂድ? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ይዤ ነው የምሄደው?»

«አሁን ላንሳችሁ» አለ ጠጋ በሉ ብድግ ብሎ። «እዚሁ፣ ውስጥ፣ ጥሩ ሌንስ አለኝ…»

«ተዉት! አልፈልግም ብላለች አይደል? እኔም አልፈልግም።» ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የጫማዋ ኳኳታ ደረጃውን ወርዶ ጠፋ።

እናትየዋ ለመነሳት ጠረጴዛውን ተደገፈች። ጠጋ በሉ ሮጦ ክንዷን ያዘ። አክስትየዋ አልተነሳችም። ሁለቱ ጨለማውን ደረጃ ቀስ እያሉ መውረድ ጀመሩ፤ የደከመው ጎኗ በሙሉ እሱ ላይ ነው። መሃል ላይ ልትተነፍስ ቆመች።

«እናቴ፣ እኔ እነግራታለሁ…»

«ዝም በል» አለችው። «ብትነግራት ከአክስቷ ትጣላለች። ከሰዎቹም ትጣላለች። እዚያ ስትሄድ ማን አላት?»

«በእርስዎ ተቆጥታ ነው እኮ የምትሄደው።»

«እናቷ ነኝ። በኔ መቆጣት ትችላለች።»

እሱም ዝም አለ። ዝም በል ሲባል እንዴት ፈጠነ! ያኔ አክስትየዋ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እንደፈጠነው ሁሉ። አሁን ግን ዝምታውን አደራ ብሎ ሊጠራው ይችላል፤ ፈሪ ሰው እንዲህ ያለ ስም ሲያገኝ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም።

ታች የመጡበት ታክሲ ቆሟል። ሙሽሪት ውስጥ ገብታ በዚያኛው በኩል ባለው መስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ጠጋ በሉ በሩን ከፈተ፣ እናትየዋን አስቀመጣት፣ የቀሚሷን ጫፍ በሩ እንዳይዘው ወደ ውስጥ አስገባላት። መንገር ይችል ነበር። ልጅቷ ከእጁ የማትርቅ ነበረች። በሩን ዘጋው። መኪናው ሲንቀሳቀስ በኋላ መስታወቱ ሁለቱን ራሶች አየ፤ በመሃላቸው ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነበር።

ወደ ላይ ሲመለስ አክስትየዋ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ይቺ ለሽፋኑ ትሁን» አለች ስክሪኑን እያመለከተች። ሙሽሪት አንድ እርምጃ ወደ ፊት የወጣችበት ፎቶ ነበር። «ዓይኗን አየህልኝ? ደግሞ ከኋላዋ ያለው ሰማያዊ እንዴት ያምራል!»

«እሺ» አለና ማውሱን ያዘ።